ለሽማግሌ የቀረበ ሽሮ

ባለፈው እሁድ ሽሮ አሳረርሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ጥፋቱ የልጄ ስልክ ነው። «እማዬ፣ ነይ እዪ፣ ላንቺ የሚሆን ነው» ብላ ጠራችኝና ጥፍሯን የተቀባች ሴትዮ ያረረ ድስት በነጭ ዱቄትና በአቼቶ ስታጸዳ አሳየችኝ። ሴትዮዋ መላ በመላ ላይ ትደረድራለች፤ የሽንኩርት ሽታ ከእጅ በምን እንደሚለቅ፣ የዛገ ቢላ በምን እንደሚፈገፈግ፣ የተበላሸ እንቁላል በምን እንደሚለይ። አፌን ከፍቼ ሳይ የራሴው ድስት ከኋላዬ አረረ። ልጄ «እሰይ! የተማርሽውን አሁኑኑ ሞክሪዋ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ፊት ቆሜ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

ያረረ ሽሮ ለእኔ የአንድ ክረምት ሽታ ነው፤ እናቴ የሞተችበት ክረምት።

አገራችን ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ነው። የመንደራችን ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። አምስተኛን መማር የፈለገ አምበር ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ ለዚያ ደግሞ ገና ወፍ ሲንጫጫ ከቤት መውጣት አለበት። እኔ በዚያ ሰኔ አራተኛን ጨርሼ አምበርን ብቻ ነበር የማልም። እዚያ ያለው ጥቁር ሰሌዳ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይደርሳል ብለውኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ጭቃው ላይ በእንጨት እየጻፍሁ ያን ሰሌዳ የሞላሁት ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ጥሩወርቅ በመላ የታወቀች ሴት ነበረች። የመንደሩ ሰው የቸገረው ሲኖር እኛ ደጅ ነው የሚመጣ። ክብሪቱ በክረምት እርጥበት እምቢ ያላትን «ጸጉርሽ ላይ ፈተግ ፈተግ አድርጊና ጫሪው» ትላታለች። ጀሪካኗ የሸተተባትን «ጠጠርና ትንሽ ውሃ ጨምረሽ እንደ ወተት ናጪው፣ አረንጓዴው ሁሉ ተጠርጎ ይወጣል» ትላታለች። የተበጠሰ ኮንጎ ጫማ ቢላ እሳት ውስጥ አግላ ታጣብቃለች፤ የሚቃጠለው ጎማ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ይውላል። የተሰነጠቀ ባልዲ በሳሙና አሽታ ትደፍናለች። የአባቴ የሞላ እህት እትዬ አስካል «ጥሩዬ እኮ ከአመድም ቅቤ ታወጣለች» ትላት ነበር። ምርቃት ይሁን ሽሙጥ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በዚያው ሰኔ እናቴና አባቴ ማርቆስ ሄደው ሰንብተው መጡ። ለገበያ የሄዱ ነበር የመሰለኝ፤ ምክንያቱም እናቴ ስትመለስ ለእኔ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጫማ ይዛልኝ መጣች። «ለመስከረም ነው። እስከዚያ እንዳትነኪው» አለችና ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ለራሷ በፌስታል የተቋጠረ ክኒን አምጥታ ነበር። እሱን ማን ያያል? እኔ ጫማውን ነበር የማይ።

ጫማው ግን ደስ አላሰኘኝም፤ አስፈራኝ እንጂ። አምና ለጎረቤታችን ልጅ ለአበቡ እንዲሁ ጫማ ተገዛላት። ቀጥሎ ሽማግሎች መጡ። ቀጥሎ እናቷ በሙያ ታስጨንቃት ጀመር፤ ወጥ ሥሪ፣ ቤት ጥረጊ፣ እህል ልቀሚ። ከዚያ በበቅሎ ጭነው ዳሯት። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በጫማ እንደሚጀምር አውቄያለሁ።

ብዙም ሳይቆይ የፈራሁት ደረሰ። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ያካፋል። አያ ይግዛው፣ ያለ እሳቸው በመንደሩ ነገር የማይፈታ ሽማግሌ፣ ሁለት መሰሎቻቸውን አስከትለው መጡ። ዘንጋቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን አራግፈው ገቡ። እኔን ታናሽ ወንድሜን ሙሉቀንን አሳዝለው ወደ ጓሮ አስወጡኝ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ብለጥፍም የዝናቡ ነገር አላሰማ አለኝ። የሰማሁት ትንሽ ነው። እናቴ፣ ድምጿ ከፍ ብሎ የማያውቅ ሴት፣ «እስከ መስከረም ጊዜ ስጡኝ! ሙያ አስይዣታለሁ!» ስትል ሰማሁ። አባቴ ደግሞ «እንግዲያው እጇን ሽማግሌ ቀምሶ ይፍረድ» አለ።

ሌላ ምን ልበል? የሴት ልጅን ሙያ ሽማግሌ መጥቶ የሚመረምረው ለምን እንደሆነ የመንደራችን ውሻ እንኳ ያውቃል። ሊድሩኝ ነው አልሁ። አምበር ቀረ አልሁ። ሙሉቀን ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ዝናቡ እየመታን አለቀስሁ።

በማግስቱ እናቴ ማስተማር ጀመረች። እንዴት ያለ ማስተማር! ገና ጀንበር ስታዘቀዝቅ «ይታይሽ፣ ነይ እሳት አዳፍኚ» ትለኛለች።

«ፍሙን ሰብስቢ። ያችን ወፍራም ግንዲላ መሀሉ ላይ አጋድሚያት። አሁን አመድ አልብሺው። እንዳይታፈን ስስ፣ ነዶ እንዳያልቅ ወፍራም።»

«ስስ ነው ወፍራም?»

«እጅሽ ያውቀዋል።»

እጄ ምንም አላወቀም። ጧት ስገልጠው ወይ ቀዝቅዞ ጠቁሯል፣ ወይ ነዶ አመድ ብቻ ሆኗል። «ጧት እሳት ከጎረቤት የምትለምን ሴት ቀኗ መንገድ ላይ ያልቃል» ትለኝ ነበር፣ ሙሉቀንን አቅፋ፣ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ።

የምታስተምረኝ ሁሉ የጧት ነገር ነበር። ያን ጊዜ ልብ አላልሁም፤ አሁን ነው የሚገባኝ። ባቄላ ማታ ይዘፈዘፋል፣ ጧት ቶሎ እንዲበስል። እርጥብ እንጨት ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ያድራል፣ ጧት እንዳያጨስ። ሽሮ በሸክላ ሳይሆን በብረት ድስት ይሠራል፣ ቶሎ እንዲፈላ። ጨው ውስጥ የተቆላ ገብስ ጣል ይደረጋል፣ ረጥቦ እንዳያስቸግር። ሙሉቀን ደግሞ ወገቡ በመቀነት ታስሮ ከምሰሶው ጋር ይቆራኛል፤ መቀነቱ ከእሳቱ እንዳያደርሰው ሆኖ ይለካል። «ቢያለቅስ አይሞትም፤ እሳቱ ውስጥ ቢገባ ግን…» ትልና አትጨርሰውም። «ቶሎ በይ! ቶሎ!» ትለኛለች። ደሞ ምን አስቸኮላት እላለሁ በሆዴ። በአበቡ እንኳ እንዲህ አልተቻኮሉባትም።

ሆዷ እየተነፋ ፊቷ ደግሞ እየከሳ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን አተር ስንለቅም «እማ፣ ልትወልጂ ነው?» አልኋት። እትዬ አስካል እዚያው ነበረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴ «አይ፣ ልጄ። ባቄላውን ዘፈዘፍሽው?» አለችኝ።

እኔም የራሴን መላ አገኘሁ። ሙያ የሌላትን ማን ይወስዳታል? ማንም። ስለዚህ እሳቱን ሆን ብዬ ማጥፋት ጀመርሁ። ወጡ ላይ ጨው ደገምሁ። ባቄላውን ሳልዘፈዝፍ «ዘፍዝፌዋለሁ» አልሁ። እትዬ አስካል «አይ እጅ! በስማም፣ እንዲህ ያለ ድርቅ ያለ እጅ ከየት አመጣሽው?» ስትል በውስጤ እፍነከነካለሁ። እናቴ ግን አትቆጣም። ታየኝና እንደገና ትጀምራለች፤ «ፍሙን ሰብስቢ…»

ፍልሰታ ገባ። አንድ ቀን እናቴ «ዛሬ ሽማግሎቹ ከቅዳሴ ሲወጡ እዚህ ይገባሉ። ወጡን የምትሠሪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። እሷ መደብ ላይ ተጋድማ ከሩቅ ትመራኛለች። ስለ ሽሮ አስቀድማ ነግራኛለች፦ ሽሮ ሲያር ከታች ነው የሚጀምረው፤ ያን ጊዜ ታቹ አይነካም። ላይ ላዩን ቀስ ብለሽ ወደ ሌላ ድስት ትገለብጪዋለሽ፣ ማንም ሳያውቅ ይበላል። እኔ ታዲያ ተገላቢጦሹን አደረግሁ። እሳቱን አንቦገቦግሁት፤ ሽታው ሲመጣ ፍንክች ሳልል ጠበቅሁ፤ ከዚያ ማማሰያውን ይዤ ታቹን ፍቄ ፍቄ ከላዩ ጋር አዋሃድሁት። ጥቁር ጥቁሩ እየተንሳፈፈ ሲመጣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሽማግሎቹ ገቡ፣ ታጠቡ፣ ባርከው ጀመሩ። አያ ይግዛው የመጀመሪያውን ጉርሻ ረጅም ጊዜ አኘኩና ውሃ ጠየቁ። ሌሎቹም ቆረስ ቆረስ አድርገው እጃቸውን ሰበሰቡ። አባቴ አቀርቅሮ ትሪውን ያያል። ያኔ እናቴ ከመደቡ ተደግፋ ወረደች። ሴት ከሽማግሌ ትሪ ቀርባ መብላት በእኛ ዘንድ ያልተለመደ ነው፤ እሷ ግን ቁጭ አለችና «እኔም ልቅመስ» ብላ ቆረሰች። ውሃ እንኳ ሆዷ ውስጥ አልረጋ ያላት ሴት ያን ያረረ ሽሮ እየጠቀለለች በላችው። ማንም አብሯት አልበላም። ብቻዋን በላች፣ በላች። «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ነው የያዘው» አለች አፏ እንደሞላ።

አያ ይግዛው ጋቢያቸውን እያጣፉ «እንግዲህ ሞላ፣ አየን» አሉት አባቴን። ከዚያ ሄዱ።

እትዬ አስካል በር ላይ ያዘችኝ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!» አለችኝ። ማን አለቀሰ? እኔ ልቤ ሊፈነዳ ነበር ከደስታ። ተረፍሁ፣ አምበር እሄዳለሁ እያልሁ ወደ ጓሮ ሮጥሁ።

እናቴ ጓሮ ነበረች። የበላችውን ሁሉ አጥሩ ሥር አስመልሳዋለች። አሁን መሬት ላይ ተቀምጣ ድስቱን ውሃና አመድ ሞልታ ትፈትጋለች።

«ነይ ወዲህ። አውቀሽ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ለምን ልጄ?»

«አልዳርም!» ብዬ ጮህሁባት። «እንደ አበቡ በበቅሎ አልጫንም! አምበር ነው የምሄደው!»

አየችኝ። መጀመሪያ ሳቀች፤ እውነተኛ ሳቅ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ አፏን አመድ በነካው እጇ ስትይዝ ፊቷ ሁሉ አመድ ሆነ።

«የኔ ሞኝ! ማን ሊድርሽ? ሽማግሎቹን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። አባትሽ ‹አንቺ ከሌለሽ ቤቱንና ሕፃኑን ማን ይይዛል? ይታይሽ አምበር አትሄድም› አለኝ። እንጀራውን አስካል ትጋግራለች፣ ሌላውን ይታይሽ ጧት ሠርታ ትሄዳለች፣ ሁለቱንም ትችላለች ብዬ ተሟገትሁ። እንግዲያው ሽማግሌ ቀምሶ ይፍረድ ተባለ። ጫማውስ ለአምበር መንገድ አይደል?»

«አንቺ የት ትሄጂና ነው?»

ድስቱን እንደገና መፈተግ ጀመረች። «ማርቆስ ያሉት ሐኪሞች ጊዜው አልፏል አሉኝ። ልሞት ነው፣ ይታይሽ።»

እንዲህ ነው የነገረችኝ፤ ድስት እየፈተገች።

እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ለልጅ ክፉ ነገር አይነገርም ብለው አፋቸውን ለጎሙ። በእኔ ነገር ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቃል ተሰጥቶ፣ ለፍርድ ተቀጥሮ፣ ከመንደሩ ሁሉ እኔ ብቻ አልሰማሁም! አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ጠጋ ብሎ ቢነግረኝ ያን ሽሮ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀው ነበር። አስካል ታውቅ ነበር። አባቴ ያውቅ ነበር። እናቴም ብትሆን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለሁሉም መላ ስታውቅ ለዚህ ብቻ መላ ጠፋት።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ከመደቡ አልወረደችም። እህል የሚባል በአፏ አልገባም፤ ጠበልና የአጃ ውሃ ብቻ ነበር የምትጎነጭ። እኔ ግን እንደ እብድ መሥራት ያዝሁ። ዓይኗን ጨፍና ተኝታ በማሽተት ትመራኛለች። «ሽንኩርቱ በቃው፣ ውሃ ጨምሪ።» «ሽታው ተለወጠ፤ አውርጂው፣ አውርጂው!» ምድጃው አጠገብ ያለሁት እኔ ሳላሸት እሷ ከመደቡ ታሸታለች። ቀስ በቀስ እኔም ማሽተት ጀመርሁ። ሽሮዬ ሳያር የወረደ ቀን በትንሽ ሳህን ይዤላት ሄድሁ።

«ቅመሺልኝ እማ።»

«ሽታው ይበቃኛል። ነገ እቀምሳለሁ» አለች። በነጋታውም «ነገ» አለች። እኔም ነገ ነገ እያልሁ ጠበቅሁ።

ጳጉሜ ገባ። አንድ ቀን ሲመሽ ከመደቡ ጠራችኝ።

«አዳፈንሽ?»

«አዳፈንሁ።»

«ስስ ነው ወፍራም?»

«እጄ ያውቀዋል» አልኋት።

ከንፈሯ ፈገግ ያለ መሰለኝ።

ጧት ተነስቼ አመዱን ስገልጠው ፍሙ ቀይ ሆኖ አደረ። ግንዲላዋ እስከ ልቧ ቀልታለች። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። «እማ! ይኸው፣ አደረ!» ብዬ ዞርሁ። አልመለሰችልኝም። እትዬ አስካል ከደጅ ገባች፣ ግንባሯን ዳሰሰች፣ ዓይኖቿን ከደነቻቸው። እሪ ከማለቷ በፊት ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ «ውሃ ጣጂ» አለችኝ። ጣድሁ። እሳቱ ምንም አላስቸገረኝም፤ ውሃው ቶሎ ሞቀ። ሬሳዋን ያጠቡት በዚያ ውሃ ነው።

መስከረም ጠባ። ጸጉሬ ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሼ ከበራችን ስቆም አምበር የሚሄዱት ልጆች በዳገቱ ሲወጡ ይታዩኛል። ጫማው ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። አንድ ቀን አባቴን «አባ፣ እኔስ?» አልሁት። ፊቱን አዞረ። «ሽማግሌ ያየውን እኔ ብቻዬን አልሽረውም» አለ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። እሳት አቀጣጥሎ የማያውቅ ሰው ሕፃን ታቅፎ ቀርቶ ነበር፤ ፈርቶ ነው።

እኔም ወደ አያ ይግዛው ቤት ሄድሁ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«ምነው ልጄ? ደኅና ናችሁ?»

«ሽማግሌ ልጠራ ነው የመጣሁት። ጧት በማለዳ ይምጡልን፤ እንደገና ይቅመሱልኝ።»

«አይ የዘንድሮ ልጅ! ልጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሽማግሌ የሚጠራ? ማን ላከሽ?»

«እናቴ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ የተላጨ ራሴን፣ ባዶ እግሬን። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም ይባላል። ሞታ ከላከችማ እንግዲህ ምን ይባላል!» አሉና ዘንጋቸውን ፈለጉ።

በማግስቱ ገና ወፍ ሲንጫጫ መጡ። ቤቱ ተጠርጓል። ውሃ ተቀድቷል። ሙሉቀን አጥሚቱን ጠጥቶ ከምሰሶው ጋር በእናቱ መቀነት ታስሮ ይጫወታል። የቀኑ ባቄላ በስሎ ተከድኗል። ሽሮው ወርዷል። አያ ይግዛው ቀመሱ። ከዚያ ድስቱን ወደ ራሳቸው ሳቡና እንጀራ ቆርሰው ታቹን ዙሪያውን ጠረጉበት። ያን ጉርሻ ወደ በሩ ብርሃን አቅንተው አገላብጠው አዩት።

«አላረረም» አሉ። ቀጥለውም «ሞላ፣ ጫማውን አውርድላት» አሉ።

አባቴ ተነስቶ አወረደው። ማሰሪያው አልፈታ ብሎት ቆየ። ጫማው ሰፋኝ፤ አፍንጫው ላይ ጨርቅ ወተፍሁበት። ይህንን መላ ማንም አላስተማረኝም። እየወጣሁ ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም ትሪውን ከበዋል። አባቴ ይበላል፣ እትዬ አስካል እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ትበላለች፣ ሙሉቀን ጣቱን ይልሳል።

እናቴ ከእጄ የበላችው ያረረውን ብቻ ነው።